ቀዝቃዛ ነው የተባለው ጨርቅ ሙቀቱን ወዴት ይወስደዋል?

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። ጠያቂው ሂርማታ ገበያ አካባቢ ስልክና ላፕቶፕ ይጠግናል። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ሰላም ኢንጂነር። አንድ ደንበኛ ላፕቶፑ እየጋለ ስላስቸገረው ጥቁር የካርቦን ፋይበር ጨርቅ ይዞ መጣ። ሙቀት በማሳለፍ ከመዳብ ይበልጣል ተብሏል፣ በፔስቱ፣ ማለትም በቺፑና በማቀዝቀዣው መሃል በሚቀባው ቅባት ፋንታ እሱን ግጠምልኝ አለኝ። ጠረጴዛዬ ላይ በልኩ ቆርጬዋለሁ፣ ግን ፈራሁ። እህቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። ለባጃጅ ሾፌሮች ሸሚዝ እንድትሰፋበት ግራፊን የሚባል እጅግ ስስ የካርቦን ዓይነት ያለበት ግራጫ ጨርቅ አምጥተውላታል። ሰውነትን 5 ዲግሪ ያቀዘቅዛል ይላሉ። ዋጋው ከጥጡ እጥፍ ነው። ሾፌሮቹ ስልካቸው ፀሐይ ላይ እየጋለ ስለሚጠፋባቸው ከዚሁ ጨርቅ የስልክ ከረጢት ልስፋላቸው ወይ ትላለች። የቱ ነው እውነቱ?»

ወንድሜ፣ መፍራትህ ልክ ነው። ጨርቁን አትግጠመው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ምክንያቱ ለእህትህም ሸሚዝ ይሠራል።

ሙቀት ጨርቅ ውስጥ ገብቶ አይጠፋም። ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፣ በቃ። ስለዚህ አንድ ሰው «ይሄ ያቀዘቅዛል» ሲልህ «ሙቀቱን ወዴት ነው የሚወስደው? በየት በኩል?» በለው። ሻጩ እዚህ ጋ ከተንተባተበ ገንዘብህን ኪስህ መልስ።

«በየት በኩል» ያልኩት በምክንያት ነው። ፋይበር በርዝመቱና በጎኑ አንድ ዓይነት አይደለም። ጥጥ ሲነደፍ አይተህ ይሆናል። ባዘቶው ውስጥ ጭረቱ ሁሉ በየአቅጣጫው ተጠላልፏል። በእንዝርት ሲፈተል ግን ይሰለፋል። ፕላስቲክም እንደዚያው ነው። ፌስታል የሚሠራበትን ፖሊኢትሊን ውሰድ። ውስጡ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ነው፣ እንደ ባዘቶ የተጠላለፈ። ሙቀት ማለት የአቶሞች መንቀጥቀጥ ስለሆነ በተጠላለፈው ሰንሰለት ውስጥ በየመታጠፊያው ይበተናል። ሰንሰለቱ ተስቦ ቀጥ ሲል ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል።

ቁጥሩን እይ። ተራው ፖሊኢትሊን ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ በዋት በሜትር በኬልቪን ሲለካ ግማሽ እንኳ አይሞላም። መዳብ 400 ገደማ ነው። የረጋ አየር 0.026 ብቻ። ያው ፖሊኢትሊን በፋብሪካ በኃይል ተስቦ ጥይት መከላከያ ሰደርያና የመርከብ ገመድ የሚሠራበት ፋይበር ሲሆን በርዝመቱ ከ10 በላይ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በአሜሪካ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅግ ቀጭን አድርገው ስበው 104 ለኩበት። ብረት እንኳ 80 አካባቢ ነው። የፌስታል ዘመድ ብረትን በለጠ ማለት ነው! በርዝመቱ ብቻ ነው ታዲያ። በጎኑ ያው ፕላስቲክ ነው።

አሁን ወደ ጥቁሩ ጨርቅ እንመለስ። የካርቦን ፋይበር ሁለት ዘር አለው። አንዱ የሚሠራው ለሹራብ ከምናውቀው ከአክሪሊክ ክር ቤተሰብ ነው። ሌላው ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ፣ ከሬንጅ ዓይነት ነገር። የሬንጁ ልጅ ምርጥ የሆነው በርዝመቱ ከ900 በላይ ያሳልፋል፣ መዳብን እጥፍ ያስከነዳል። ለሳተላይት የሚውለው እሱ ነው። የአክሪሊኩ ልጅ ግን ጥንካሬ እንጂ ሙቀት አያውቅም። ብዙውን ጊዜ 10 አካባቢ ነው። ገበያ ላይ ለመኪና ጌጥ፣ ለሞተር ሳይክል ዕቃ፣ ለዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የሚሸጠው ጥቁር ጨርቅ ይሄኛው ነው። ደንበኛህ «ከመዳብ ይበልጣል» ሲባል የሰማው ስለ አንዱ ዘር፣ ይዞ የመጣው ደግሞ ሌላውን ሳይሆን አይቀርም።

ግን እውነተኛውን ቢያገኝም አይሠራም። ጨርቅ ድርና ማግ ነው። ሁለቱም ጠፍጣፋ ተኝተዋል። አንተ የምትፈልገው ሙቀቱ ከታች ከቺፑ ወደ ላይ ወደ ሂት ሲንኩ፣ ሙቀቱን ወደ አየር ወደሚበትነው ብረት፣ እንዲወጣ ነው። ጨርቁ ግን ወደ ጎን ነው የሚነዳው። ወደ ላይ ለመውጣት ፋይበሩን በጎኑ አቋርጦ፣ በመሃል ያለውን አየርም ማለፍ አለበት።

አየሩ ነው የሚገልህ። አንድ 15 ዋት የሚያወጣ፣ ስፋቱ 1 ካሬ ሴንቲሜትር የሆነ የላፕቶፕ ቺፕ አስብ። በላዩ 0.05 ሚሊሜትር ፔስት አለ፣ ፔስቱ አቅሙ 5 ነው። ሙቀቱ ያንን አልፎ ለመሄድ የሚጠይቀው የ1.5 ዲግሪ ልዩነት ብቻ ነው። በፔስቱ ቦታ ያንኑ ያህል ውፍረት ያለው አየር ቢገባ 290 ዲግሪ ገደማ ይጠይቃል። እዚያ አይደርስም በእርግጥ፣ ማሽኑ 100 አካባቢ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል። ፔስት የሚቀባው ለዚህ ነው። መዳቡን ለመተካት ሳይሆን አየሩን ለማስወጣት። ወፍራም አድርገው የሚለቀልቁ ልጆች አሉ፣ ዳቦ ላይ ማርማላታ ይመስል። ያም ስህተት ነው።

ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ ፋይበሩን ያቆሙታል። የሬንጁን ፋይበር አሳጥረው ይቆርጡና ሲሊኮን ውስጥ ያስገቡታል። ከዚያ በማግኔት እንደ ብሩሽ ፀጉር ቀጥ አድርገው ያቆሙትና ያረጉታል። ፓድ ሆኖ ይሸጣል። ጎበዝ ፓድ ነው። ያንን ካገኘህ ግጠም፣ ግን አንድ ነገር አትርሳ። ካርቦን ኤሌክትሪክም ያሳልፋል።

ይቺ ነጥብ ለብቻዋ ትቁም። የካርቦን ጨርቅ ሲቆረጥ ዓይን የማያያቸው ጭረቶች ይረግፋሉ። ከቦርዱ ላይ ጥቃቅን እግሮች መሃል አንዷ ብትወድቅ ሾርት ታደርጋለች። እኔ ተማሪ ሳለሁ የካርቦን ፋይበር በመቀስ የቆረጥኩት ከተከፈተ ፓወር ሰፕላይ አጠገብ ነበር። ሳበራው ጭስ። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ግን ለአንድ ወር ያህል «ጭሱ» እያሉ ሲጠሩኝ ነበር። ኤሌክትሪክ ሳይነካ ሙቀት እንዲያልፍ ከተፈለገ ቦሮን ናይትራይድ የሚባል ነጭ ነገር አለ። ሲነካ እንደ ታልክ ዱቄት ይልማል። ነጫጭና ግራጫ ፓዶች ውስጥ ከሚገቡት አንዱ እሱ ነው።

ስለ ቦርዱ ካነሳን፣ ቦርዱ ራሱ ጨርቅ መሆኑን ታውቃለህ? አረንጓዴውን ቀለም ብትፍቀው ከመስታወት ክር የተሸመነ ነገር ታያለህ፣ ኢፖክሲ በሚባል ሙጫ ተነክሮ የደረቀ። ሙቀት አያሳልፍም ማለት ይቻላል፣ 0.3 አካባቢ ነው። ለዚያ ነው ከቺፕ ሥር ትንንሽ በመዳብ የተለበጡ ቀዳዳዎች የሚደረደሩት። ለሙቀቱ መውጫ ደረጃ ናቸው።

ስልክ ስትከፍት ደግሞ ከስክሪኑ ወይም ከክዳኑ ጀርባ የምታገኛትን ጥቁር ስስ ወረቀት አትጣል። ግራፋይት ናት። ወደ ጎን ከመዳብ በላይ ትነዳለች፣ ወደ ላይ ግን ደካማ ናት። ሥራዋ አንድ ነጥብ ላይ የተከመረውን ሙቀት በጀርባው ሁሉ ማሰራጨት ነው። «ከተጠገነ በኋላ ይግላል» ከሚባሉት ስልኮች ስንቱ ይቺን ወረቀት ተቀዶ ይሆን?

ለላፕቶፑ መፍትሔው አሰልቺ ነው። ፋኑንና ክንፎቹን አፅዳ፣ የደረቀውን ፔስት በአልኮል ጥረግ፣ አዲስ በስሱ ቀባ፣ ብሎኖቹን በተቃራኒ ጥግ እያፈራረቅህ እሰር። ደንበኛህ ግን ጨርቁን ለቦርሳ ማስዋቢያ ያድርገው።

አሁን ወደ እህትህ ልምጣ፤ የእሷ ጉዳይ ይበልጥ ያጓጓኛል።

ሰው ቁጭ ብሎ ሳይሠራ እንኳ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል። ላፕቶፕ ከነሙሉ አቅሙ እንደ ማለት ነው። ይሄ ሙቀት የሚወጣው በአራት በር ነው፦ በንክኪ፣ በአየር፣ በጨረርና በላብ። «ቀዝቃዛ ጨርቅ» የሚባሉት ሁሉ ከእነዚህ አንዱን በር ሰፋ ለማድረግ ነው የሚሞክሩት። የትኛውን እንደሆነ ካላወቅህ ተሸወድክ።

የንክኪው በር አታላይ ነው። ጠዋት የጅማ በርጩማህን ንካ፣ ቀጥሎ የቆርቆሮ በሩን ንካ። ቆርቆሮው ይቀዘቅዝሃል። ሁለቱም ግን ሌሊቱን አንድ ቤት አድረዋል፣ ሙቀታቸው አንድ ነው። ቆርቆሮው የእጅህን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስድ ነው። ያ የተሳበ ፖሊኢትሊን ለአልጋ አንሶላና ለውስጥ ልብስ የሚሸጠው በዚህ ስሜት ነው። ሲነኩት ቀዝ ይላል፣ እውነት ነው። ከደቂቃዎች በኋላ ግን ራሱ ይሞቃል። ከዚያ ወዴት? ከኋላው አየር ከሌለ የትም። ሻጩ ሱቅ ውስጥ ጨርቁን ጉንጭህ ላይ ሲያስነካህ የሚሸጥልህ እነዚያን ደቂቃዎች ነው።

ግራፊንስ? ግራፊን ብቻውን ድንቅ ነገር ነው፣ ከማንኛውም ብረት በላይ ያሳልፋል። ግን ጨርቁ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ዱቄት ነው። አንዷ ቅንጣት ከሌላዋ ካልተነካካች መንገድ አይሆንም። የአዌቱን ወንዝ በድንጋይ ላይ እየዘለልክ ልትሻገር ብትል ድንጋዮቹ አምስት አምስት ሜትር ቢራራቁ ምን ይጠቅሙሃል? በዚያ ላይ ጨርቁ ግራጫ ነው ብለሃል። ግራጫ ደግሞ ፀሐይ ይጠጣል። ለባጃጅ ሾፌር ይሄ በተቃራኒው መሄድ ነው።

5 ዲግሪዋ ከየት እንደመጣች የምገምተውን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2021 የቻይና ተመራማሪዎች አንድ ጨርቅ ሠሩ። ክሩ ፕላስቲክ ነው፣ ውስጡ ለነጭ ቀለም የሚገባው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት አለ። ላዩ በስስ ቴፍሎን ተሸፍኗል፣ የማይጣበቀው መጥበሻ ላይ ያለው ማለት ነው። ከፀሐይ ብርሃን 92 በመቶውን ይመልሳል፣ የሰውነትን ሙቀት ደግሞ በጨረር ወደ ውጭ ይለቃል። ግማሹ ከዚህ ጨርቅ፣ ግማሹ ከጥጥ የተሰፋ ሰደርያ ለአንድ ሰው አልብሰው ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። በጨርቁ በኩል ያለው ቆዳ ከጥጡ በ5 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ተገኘ። ነጭ ነው፣ ግራጫ አይደለም። ቁጥሯ ከነጩ ተነስታ ግራጫው ላይ የተለጠፈች ይመስለኛል።

ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሌላ ነገር አሳይተዋል፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከሚያወጣው ሙቀት ግማሹ ያህል በጨረር ነው የሚወጣው፣ ዓይን በማያየው ኢንፍራሬድ። ጥጥ ይሄንን ጨረር ይውጠዋል። ፖሊኢትሊን ግን ያሳልፈዋል፣ ለኢንፍራሬድ እንደ መስኮት ነው። ችግሩ ፌስታል ለብሶ የሚወጣ ሰው የለም፣ ውስጥ ያሳያል። እነሱ ያደረጉት በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉበትን ፖሊኢትሊን መጠቀም ነው። ቀዳዳዎቹ የሚታየውን ብርሃን ይበትናሉ፣ ስለዚህ ነጭ ሆኖ ይሸፍናል። ኢንፍራሬዱ ሞገዱ ከቀዳዳዎቹ ስለሚበልጥ ሳይበተን ያልፋል። በሙከራው ከጥጥ ጋር ሲነጻጸር የቆዳውን ሙቀት በ2.7 ዲግሪ ቀነሰ። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ዙሪያው ከቆዳህ መቀዝቀዝ አለበት። ጅማ ላይ ጥላ ውስጥ ይሄ አይቸግርም።

ሌላው በሰም የሚሠራው ነው። ከሻማ ሰም ዘመዶች አንዱ 28 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ሲቀልጥም ሙቀት ይጠጣል። በጥቃቅን እንክብል አድርገው ፋይበር ውስጥ ያስገቡታል። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለጠፈርተኞች ጓንት ብሎ ያስጠናው ነው። አንድ ግራም 240 ጁል ገደማ ይይዛል። ሸሚዝ ላይ 50 ግራም ቢኖር 12,000 ጁል። 100 ዋት ለሚያወጣ ሰው ሁሉንም ቢውጥለት ሁለት ደቂቃ! ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ለሚመላለስ ሰው ደህና ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው አይሆንም።

ያንኑ 50 ግራም ላብ አድርገህ አስላው። አንድ ግራም ላብ ሲተን 2,400 ጁል ይወስዳል። ከሰሙ አሥር እጥፍ፣ በነፃ፣ እየተተካ። ስለዚህ ለሾፌር ሸሚዝ ዋናው ሥራ ላቡ ቶሎ እንዲተን ማድረግ ነው። ጥጥ ላቡን ጠጥቶ ያዝ ያደርገዋል፣ ከጀርባ ይለጠፋል። በጅማ ክረምት ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ የረጠበው ጥጥ እስከ ማታ አይደርቅም። ለዚህ የተሠራ ፖሊስተር አለ። ክሩ ክብ ሳይሆን በርዝመቱ ቦይ ቦይ አለው፣ ውሃው በቦዩ ወደ ውጭው ፊት ይሳባል። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ኩልማክስ ብሎ ያወጣው ይሄንን ነው። የስፖርት ማሊያ አብዛኛው ዛሬ በዚሁ ሐሳብ ነው የሚሠራው።

ሾፌሩን አስበው እስቲ። ወደ ጅሬን ሲወጣ ነፋስ አለው። ፈረንጅ አራዳ ቆሞ ሰው ሲጠብቅ የለውም። ጀርባው ሁልጊዜ ወንበር ላይ ተጣብቋል። እኔ እህትህን ብሆን እንዲህ እሰፋለሁ። ፊቱና ትከሻው ነጭ ወይም ፈካ ያለ፣ ስስ ሆኖ ላብ የሚስብ ፖሊስተር። ብብቱ መረብ። ጀርባው ወፈር ያለ ባለ ሁለት ፊት መረብ፣ በመሃሉ አየር የሚያልፍበት፤ አንዳንድ ቦርሳና ጫማ ላይ የሚታየው ዓይነት። ሰፋ ተደርጎ ይሰፋ፣ አይጥበቅ። ለግራፊን የምትከፍለውን ትርፍ ለመረቡ ታውለው።

ጨርቅ ስትገዛም ልትሞክረው የምትችለው አለ። በውስጠኛው ፊት አንድ ጠብታ ውሃ ታድርግ። ወዲያው ከተሰራጨና በውጪው ፊት ሰፍቶ ከታየ ጥሩ ነው። ጠብታው እንደ ዶቃ ከቆመ ላብም እንዲሁ ይቆማል። «የበረዶ ክር» ተብሎ ፖሊኢትሊን የሚሸጥላት ከሆነ ደግሞ ጥቂት ክር በሳሙና ውሃ አሽታ አየሩን ታውጣና ንጹህ ውሃ ላይ ትጣለው። ፖሊኢትሊን ይንሳፈፋል። ፖሊስተር፣ ናይለንና ጥጥ ይሰጥማሉ። እውነተኛው ከሆነም ካውያ ትጠንቀቅ። 150 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል፣ ለጥጥ የተዘጋጀ ካውያ ይጨርሰዋል።

የስልክ ከረጢቱን ግን ትተወው። ከረጢት ለስልክ ጋቢ ነው። ጋቢ የሚያሞቀው አራቱ ድርብ አየር ስለሚይዝ ነው፣ ስልኩም ውስጥ ያለው ሙቀት እንደዚያው ይታፈናል። በሌላ በኩል ስሌቱን እይ። ቀትር ላይ ፀሐይ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ገደማ ታፈሳለች። የስልክ ፊት 100 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው። ስለዚህ እስከ 10 ዋት ከፀሐይ ብቻ ሊቀበል ይችላል። ስልኩ ካርታ ከፍቶ ራሱ የሚያወጣው 3 ወይም 4 ዋት ቢሆን ነው። ጠላቱ ከውጭ ነው የመጣው። ነጭ ጨርቅ እንደ ጣሪያ ከበላዩ ይዘርጉለት፣ ስልኩን ሳይነካው፣ በመሃል አየር እንዲያልፍ። ጥቁር ከቨር ካለው ይውለቅ። በጋለበት ሰዓት ቻርጅ አያድርጉት። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ ሲደረግ ዕድሜው ያጥራል።

ኧረ አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ጨርቁን ጠረጴዛዬ ላይ ቆርጬዋለሁ ብለሃል። ብናኙን በብሎወር እንዳትነፋው፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ቦርድ ሁሉ ላይ ነው የሚያርፈው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፣ የቀረውን በፕላስተር እያጣበቅህ አንሳ። ጓንት አድርግ፣ ቆዳ ይወጋል፤ አፍንጫህንም ሸፍን። በዚያ ቀን ጠረጴዛው ላይ ተከፍተው የነበሩትን ስልኮች ደግሞ ባትሪ ከማገናኘትህ በፊት በማጉያ እያቸው።